ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደውና የኢሉባቦር ዝናም

ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው በታሪክ መጻሕፍት ዘንድ በብዛት የሚነሡት በሕይወታቸው መጨረሻ በያዙት ከፍተኛ ሥልጣን ምክንያት ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በሕመም ምክንያት መንግሥታቸውን መምራት በተሳናቸው ጊዜ የአልጋ ወራሹ የልጅ ኢያሱ ሞግዚትና የመንግሥቱ እንደራሴ ሆነው ተሾሙ፤ ሁለት ዓመት ሳይሞላቸውም በ1903 ዓ.ም. ዐረፉ። ከዚህ ሹመት በፊት ግን ሃያ ዓመታት ያህል የኖሩትና የገዙት በኢሉባቦር ነው። መቀመጫቸውም ከመቱ በስተደቡብ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በተራራ ጫፍ ላይ የተቆረቆረችው ጎሬ ነበረች። በዚህ ዘመናቸው የተቀበሉት ትልቁ የጦር ግዳጅ በ1890 ዓ.ም. ወደ ነጭ ዓባይ ያደረጉት ዘመቻ ሲሆን፣ የዚህን ዘመቻ ዕጣ የወሰነው የጠላት ጦር ሳይሆን በየዓመቱ ከደቡብ ምዕራብ እየነፈሰ ዝናም ይዞ የሚመጣው ነፋስ ነው። የእኒህን ሰው ሕይወት ነፋሱን ሳያውቁ ማንበብ ግማሹን ብቻ ማንበብ ይሆናል።

ተሰማ የደጃዝማች ናደው ልጅ ናቸው፤ ያደጉትም በሸዋ መኳንንት መካከል ነው። በዚያ ዘመን የሸዋ ጦር ወደ ምዕራብ የሚያደርገው ግስጋሴ በራስ ጎበና ዳጬ ይመራ ነበር። በ1874 ዓ.ም. በእምባቦ የጎጃም ጦር ድል ከሆነ በኋላ ከጊቤ ማዶ ያለው አገር ለሸዋ ተከፈተ፤ ጥቂት ዓመታት ቆይቶም ኢሉባቦር በተሰማ እጅ ገባ። አገሩ ሲያዝ የሆነው ነገር በሌሎቹ የደቡብና የምዕራብ አውራጃዎች ከሆነው የተለየ አልነበረም። ወታደሩ ቀለቡን ከገባሩ ላይ አገኘ፤ የዝሆን ጥርስና የቡና ግብር ወደ ጎሬ ጎረፈ፤ በወሰኑ ላይም የባሪያ ንግድ ብዙ ቤት አፈረሰ። የተሰማን ዝና የሚያወሳ ሁሉ ይህንንም አብሮ ሊያወሳ ይገባዋል።

ተሰማ በኢሉባቦር የሰፈሩበት ጊዜ በሰሜንና በመካከለኛው የኢትዮጵያ ክፍል ክፉ ቀን እየተባለ ከሚጠራው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ ከነበረው የረኃብ ዘመን ጋር የገጠመ ነው። ከብቱን የጨረሰው በምጽዋ በኩል የገባው ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ሲሆን፣ በላዩ ላይ የ1880 ዓ.ም. ክረምት ዝናም አጠረ። የዘመናችን የአየር ጠባይ ሊቃውንት ይህንን የዝናም እጥረት በሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከሚከሠተው ኤል ኒኞ ከሚባለው የውኃ መሞቅ ጋር ያያይዙታል። በዚያ ክፉ ጊዜ ብዙ ሕዝብና ብዙ ወታደር እህል ወዳለበት ወደ ደቡብና ወደ ምዕራብ ፈለሰ። የኢሉባቦር ዝናም ከዓመት ዓመት የሚለዋወጥበት መጠን ከወሎና ከትግራይ ጋር ሲነጻጸር እጅግ አነስተኛ ነው። ሰሜኑ በአንድ ክረምት መክሸፍ ምርቱን ሁሉ ሲያጣ፣ ጎሬ ላይ አንዱ ወር ቢጎድል ሌላው ወር ይተካዋል። ተሰማ የተሾሙበት አገር ሀብቱ ዝናሙ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቡናውም፣ በቆሎውም፣ ጎደሬውም፣ ዝሆኑን የሸሸገው ደንም ከዝናሙ የተገኙ ናቸውና።

ይህ ዝናም ከወዴት ይመጣል? ጎሬ በምድር ወገብ ሰሜን በ8 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ2,000 ሜትር ከፍታ ትገኛለች። ከእርሷ በስተምዕራብ በቀጥታ መስመር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ መሬቱ ተንደርድሮ ወርዶ ጋምቤላ ላይ 500 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ከጋምቤላ እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ ያለው ደግሞ ውኃ መፍሰሻ እስኪያጣ ድረስ የተዘረጋ ሜዳ ነው። በክረምት ወራት ከምዕራብና ከደቡብ ምዕራብ የሚመጣው እርጥብ አየር ይህንን ሜዳ አቋርጦ ከኢሉባቦር ተራራ ጋር ሲጋጠም ወደ ላይ ከመውጣት በቀር ሌላ መንገድ የለውም። ደረቅ አየር አንድ ሺህ ሜትር በወጣ ቁጥር 10 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል፤ ተንኑ ወደ ደመና መለወጥ ከጀመረ በኋላ ግን የመቀዝቀዙ መጠን ወደ 6 ዲግሪ ዝቅ ይላል። በዚህ አኳኋን 1,500 ሜትር የሚያህል ዳገት የሚወጣ አየር የተሸከመውን ውኃ በመንገዱ ላይ ያራግፋል። ጎሬ በዓመት ወደ 2,000 ሚሊሜትር የሚጠጋ ዝናም የምታገኘው፣ አዲስ አበባ ደግሞ በ1,200 ሚሊሜትር ገደማ የምትወሰነው በዚህ ምክንያት ነው።

ተራራው ግን ያለ ነፋሱ ምንም አያደርግም። የነፋሱን ነገር ለመረዳት ፀሐይን መከተል ያስፈልጋል። ፀሐይ አናት ላይ የምትሆንበት የምድር ቀበቶ ይሞቃል፤ አየሩ ይሳሳል፤ ከሰሜንና ከደቡብም ነፋስ ወደዚያ ይሳባል። እነዚህ ነፋሳት የሚገናኙበት የዝቅተኛ ግፊት ቀበቶ ከፀሐይ ኋላ ኋላ እየተጓዘ በበጋ ከምድር ወገብ ደቡብ ይወርዳል፤ በክረምት ደግሞ የኢትዮጵያን ደጋ አልፎ ወደ ሰሜን ይወጣል። በደቡባዊው የምድር ክፍል በአትላንቲክና በሕንድ ውቅያኖሶች ላይ በሴንት ሄሌናና በማስካሬን ደሴቶች ስም የሚጠሩ ሁለት የከፍተኛ ግፊት ሠፈሮች አሉ። ከእነዚህ የሚነሣው ነፋስ የምድርን ወገብ ሲሻገር በምድር መዞር ምክንያት ወደ ቀኙ ይታጠፍና የደቡብ ምዕራብ ነፋስ ይሆናል። ሕንድን የሚያረሰርሰው ሞንሱን የሚባለው ነፋስም የዚሁ ሥርዓት ሌላው ክንፍ ነው። ስሙም ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ወቅት ማለት ነው።

ቀደም ባሉት መማሪያ መጻሕፍት የምዕራብ ኢትዮጵያ የክረምት ዝናም በሙሉ ማለት ይቻላል ከአትላንቲክ ውቅያኖስ፣ በተለይም ከጊኒ ባሕረ ሰላጤ የሚመጣ ነው ተብሎ ይጻፍ ነበር። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ የአየሩን ጉዞ ወደኋላ እየተከተሉ የተደረጉ ጥናቶች ነገሩ ከዚህ የበለጠ የተወሳሰበ መሆኑን አሳይተዋል። ከሕንድ ውቅያኖስ ተነሥቶ በምሥራቅ አፍሪካ ላይ ዞሮ የሚመጣው አየር፣ በኮንጎ ደን ላይ አልፎ የሚመጣው አየር፣ እንዲሁም ከሰሜን በቀይ ባሕር በኩል የሚገባው አየር እያንዳንዳቸው ከፍ ያለ ድርሻ አላቸው። ከጊኒ በኩል የሚመጣው በመጠን ጥቂት ቢሆንም በእርጥበቱ የበለጸገ ነው። በዚህም ላይ የኮንጎ ደን አንድ ጊዜ የወረደውን ዝናም መልሶ ወደ አየር ስለሚያተንነው፣ ጎሬ ላይ የሚወርደው ጠብታ በመንገዱ ላይ ከአንድ ጊዜ በላይ መሬት ነክቶ የተነሣ ሊሆን ይችላል።

የነፋሳቱ መገናኛ ቀበቶ ወደ ሰሜን ሲወጣ በመጋቢትና በሚያዝያ በኢሉባቦር ላይ ያልፋል፤ በጥቅምትና በኅዳር ሲመለስ ዳግመኛ ያልፍበታል። በመካከሉ ያለው ጊዜ በሙሉ የእርጥቡ ነፋስ ነው። ስለሆነም ምሥራቁና ሰሜን ምሥራቁ በልግና ክረምት ብሎ በሁለት የሚከፍለው ዝናም በኢሉባቦር ከሰባት እስከ ስምንት ወር የሚዘልቅ አንድ ረጅም ወቅት ይሆናል። የአገሩ የኦሮሞ ገበሬ ዓመቱን አርፋሳ፣ ገና፣ ብራና ቦና ብሎ ይከፍለዋል። አርፋሳ የክረምቱ ደጃፍ፣ ገና ክረምቱ ራሱ፣ ብራ ሰማዩ የሚጠራበት፣ ቦና ደግሞ በጋው ነው። ከሸዋ የመጣ ወታደር ሰኔ እስኪጋመስ ድረስ መንገዱ ደረቅ ነው ብሎ ሊያስብ ይችላል፤ በጎሬ ግን በሰኔ ጭቃው የሦስት ወር ዕድሜ አለው።

የ1890 ዓ.ም. ዘመቻ አነሣሥ እንደሚከተለው ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በሚያዝያ 1883 ዓ.ም. ለአውሮፓ ነገሥታት በላኩት ደብዳቤ የግዛታቸውን ወሰን በምዕራብ በኩል እስከ ነጭ ዓባይ ድረስ አድርገው አሳውቀው ነበር። ከዐድዋ ድል በኋላ ይህንን ቃል በተግባር ለመግለጽ ጊዜው የደረሰ መሰለ። ፈረንሳይ በበኩሏ እንግሊዝን ከላይኛው ዓባይ ለመቅደም ትፈልግ ስለነበር ካፒቴን ማርሻን የተባለውን መኮንን ከአትላንቲክ ጠረፍ ተነሥቶ አፍሪካን አቋርጦ ፋሾዳ እንዲደርስ ላከች። በ1889 ዓ.ም. ደግሞ ከምኒልክ ጋር ስለ ነጭ ዓባይ ተዋዋለች፤ ከምሥራቅ የሚመጣ ሌላ ጓድም ማርሻንን እንዲቀበል ታሰበ። የዚህ የምሥራቁ ጉዞ መነሻ ጎሬ ነበረች።

መጀመሪያ የተሞከረው በፈረንሳዮቹ በራሳቸው ነው። ክሎሼት የተባለው መሪ ጎሬ ላይ ሕይወቱ አለፈ። ተተኪው ደ ቦንሻን በባሮ ተከትሎ ወረደና በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ባሮና ፒቦር ከሚገናኙበት አካባቢ ደረሰ። በዚያም ረግረጉና የጀልባ እጦት አግደውት ተመለሰ። ታኅሣሥ በደጋው የበጋ እምብርት ነው፤ ዝናምም የለም። ታዲያ ረግረጉ ከየት መጣ? መልሱን የሚሰጠው የወንዙ ጠባይ ነው። ባሮ ጋምቤላ ላይ የሚሞላው በነሐሴና በመስከረም ሲሆን፣ ከዚያ በታች ግን ሜዳው ቁልቁለት ስለሌለው ሙላቱ ከወንዙ አልጋ እየወጣ በየማቻር ረግረግ ይንጣለላል፤ በዝግታም ይጓዛል። በሶባት አፍ ላይ ውኃው ከፍተኛ ደረጃ የሚደርሰው በጥቅምትና በኅዳር ገደማ፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ ዘግይቶ ነው። በደጋው ላይ በሐምሌ የወረደው ዝናም ሜዳው ላይ በታኅሣሥ ሰው ያሰጥማል ማለት ነው። ሶባት በዓመት ወደ ነጭ ዓባይ የሚያስገባው ውኃ 13 ቢልዮን ሜትር ኩብ ያህል ሲሆን፣ ይህም ማላካል ላይ ከሚያልፈው የነጭ ዓባይ ውኃ ግማሽ ያህሉ ነው።

ቀጥሎ ተራው የደጃዝማች ተሰማ ሆነ። በዚያው በ1890 ዓ.ም. ምኒልክ ሦስት ታላላቅ ዘመቻዎችን አሰማርተዋል። ራስ መኰንን ወደ ቤኒ ሻንጉል፣ ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ቱርካና ሐይቅ፣ ደጃዝማች ተሰማ ደግሞ ወደ ነጭ ዓባይ ዘመቱ። ተሰማ ከጥቂት ጊዜ በፊት በካፋ ዘመቻ ላይ ተሳትፈው ስለነበር ጦራቸው ለደን ውጊያ እንግዳ አልነበረም። ከእርሳቸውም ጋር ፌቭር የተባለ ፈረንሳዊ፣ ፖተር የተባለ ስዊስ ሠዓሊ፣ እንዲሁም ሩሲያዊው ኮሎኔል አርታማኖቭ ከሁለት ኮሳኮች ጋር ነበሩ።

ጦሩ የተንቀሳቀሰው በበልግ ወራት ነው። ዛሬ የወንዙን ጠባይ በቁጥር የሚያውቅ መሐንዲስ የሜዳውን መንገድ ለመሻገር የሚመርጠው ሙላቱ ከጎደለበት ከጥር መጨረሻ ጀምሮ አዲሱ ዝናም እስከሚገባበት እስከ ሚያዝያ ያለውን ጠባብ ጊዜ ነው። የተሰማ ጦር ወደ ሜዳው ሲወርድ ይህ በር ሊዘጋ ተቃርቦ ነበር። ተሰማ ዐሥር ዓመት ያህል ጎሬ ላይ ስለኖሩ የጎሬን ዝናም ጠንቅቀው እንደሚያውቁ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን የደጋው የቀን መቁጠሪያ ለሜዳው አይሠራም። በሜዳው ላይ ሁለት ውኆች አሉ፤ አንዱ በዚያው በጥቁሩ አፈር ላይ የሚወርደውና መሬቱን ሙጫ የሚያደርገው ዝናም፣ ሌላው ደግሞ ከደጋው የሚላከው ሙላት ነው። ሁለቱ በየራሳቸው ጊዜ ይመጣሉ፤ አንዱ ሳይደርቅ ሌላው ይደርሳል።

ከውኃው የከፋው ንዳዱ ነበር። የደጋ ተወላጅ የሆነው ወታደር ወደ ቆላ በወረደ ቁጥር ይታመማል፤ ስንቁም እያለቀ ሄደ። የወባን ምሥጢር ሮናልድ ሮስ በሕንድ አገር ማግኘት የጀመረው በነሐሴ 1889 ዓ.ም. ሲሆን፣ ትንኝ በሽታውን ከአንዱ ወደ ሌላው እንደምታስተላልፍ በወፎች ላይ አረጋግጦ የጨረሰው በ1890 ክረምት ነው። የተሰማ ወታደሮች በሶባት ዳርቻ በሚወድቁበት በዚያው ሰሞን መሆኑ ነው። ለእነርሱ ንዳድ ከመጥፎ አየር የሚመጣ ነገር ነበር፤ መፍትሔውም ወደ ደጋ መመለስ ብቻ ነበር።

ተሰማ ዋናውን ጦር ይዘው ወደፊት መግፋት እንደማይቻል በተረዱ ጊዜ ቀላል የሆነ ጓድ መርጠው ከአውሮፓውያኑ ጋር ወደ ወንዙ ላኩ። ይህ ጓድ በሰኔ ወር አጋማሽ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ ጋር ከሚቀላቀልበት ቦታ ደረሰ። የኢትዮጵያ ሰንደቅ ዓላማ በምሥራቁ ዳርቻ ተተከለ። የፈረንሳይን ባንዲራ ለመትከል ግን ወደ ወንዙ መግባት ያስፈልግ ነበር፤ ፌቭር በሕመም ደክሞ ስለነበር አዞ ወዳለበት ውኃ የገቡት አርታማኖቭና ኮሳኮቹ ናቸው። ፋሾዳ ከዚያ ሩቅ አልነበረችም። ማርሻን ግን በአካባቢው የለም፤ ወሬውም አልተሰማም። መቆየት አይቻልም ነበርና ጓዱ ተመለሰ። በመመለሻው ላይ ፖተር በጦር ተወግቶ ሞተ፤ ብዙ ወታደርም በመንገድ ቀረ።

ማርሻን ፋሾዳ የገባው ሐምሌ 4 ቀን ነው። በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት ሦስት ሳምንት አይሞላም። የዘገየበት ምክንያት ደግሞ ሊታወቅ የሚገባው ነው። ማርሻን በባሕረ ጋዛል ውስጥ ሱዌ በተባለው ወንዝ ዳር ወራት ሙሉ ተቀምጦ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነበር፤ እርሱም ዝናሙ መጥቶ ወንዙ ጀልባዎቹን ለመሸከም እንዲሞላ ነው። ወንዙ የሞላለት በግንቦት መጨረሻ ነው። ከአትላንቲክ ጠረፍ በኮንጎ በኩል አፍሪካን ያቋረጠበት መንገድ እርጥቡ ነፋስ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ሲሆን፣ የመጨረሻውን ክፍል የፈጸመውም በዚያው ነፋስ ዝናም ነው። ለተሰማ መንገዱን የዘጋ ወቅት ለማርሻን መንገዱን ከፈተ።

ሦስተኛውም አለ። ጄኔራል ኪችነር የእንግሊዝና የግብፅን ጦር ይዞ ወደ ካርቱም ሲወጣ ዘመቻውን ያሰናዳው በዓባይ ሙላት ልክ ነው። የጦር ጀልባዎቹ የዓባይን ፏፏቴዎች ለማለፍ ከፍ ያለ ውኃ ያስፈልጋቸው ነበርና፣ ያንን ውኃ ያመጡላቸው ከኢትዮጵያ ደጋ የሚወርዱት ዓባይና አትባራ ናቸው። በነሐሴ መጨረሻ 1890 ዓ.ም. በኦምዱርማን ድል አደረገ፤ በመስከረም 1891 ዓ.ም. ሙላቱ ሳይጎድል ጀልባዎቹን ይዞ ፋሾዳ ደረሰ። በዚያ ክረምት በላይኛው ዓባይ ላይ ሦስት መንግሥታት ተገናኙ ቢባል፣ በጀልባ የመጡት ሁለቱ በዝናሙ ተጠቀሙ፤ በእግርና በበቅሎ የመጣው ሦስተኛው በዝናሙ ተሸነፈ። የታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ፋሾዳ ሲጽፉ ስለ ለንደንና ስለ ፓሪስ ብዙ ይላሉ፤ ስለ ኢሉባቦር ሰማይ ግን ያለ ልክ ቸል ብለዋል።

የዚህ ታሪክ ጅራት እንኳ ከወንዙ ጋር የተያያዘ ነው። ማርሻን በመንግሥቱ ትእዛዝ ፋሾዳን ለቆ በታኅሣሥ 1891 ዓ.ም. ሲነሣ ፌዴርብ በተባለችው ትንሽ መርከቡ ሶባትንና ባሮን ተከትሎ ወደ ኢትዮጵያ ወጣ። ደ ቦንሻን ከአንድ ዓመት በፊት በዚያው ወር በእግሩ ያልቻለውን መንገድ ማርሻን በዘገየው ሙላት ላይ ተንሳፍፎ አለፈው። መርከቧን በባሮ ላይ ትቶ ጎሬን አልፎ አዲስ አበባ ገባ።

ተሰማ ከዚህ ዘመቻ በኋላ ወደ ጎሬያቸው ተመለሱ። ነጭ ዓባይ ወሰን አልሆነም። በግንቦት 1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው ውል ወሰኑ ወደ ምሥራቅ ራቅ ብሎ ተሠመረ፤ በዚሁ ውል ምኒልክ በዓባይ፣ በጣናና በሶባት ላይ ውኃውን የሚያግድ ሥራ ያለ ስምምነት ላለመሥራት ቃል ገቡ። ከኢሉባቦር የሚወርደው ዝናም በዲፕሎማሲ ወረቀት ላይ የሰፈረው በዚህ መንገድ ነው። ሌላው አንቀጽ በባሮ ዳር በኢታንግ አጠገብ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር፣ ስፋቱ ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ለሱዳን መንግሥት የንግድ ጣቢያ እንዲሆን የሚፈቅድ ነበር። ጣቢያው በተግባር የተቋቋመው ግን ከኢታንግ ከፍ ብላ በምትገኘው በጋምቤላ ነው። የወንዙን ሙላት ያየ ሰው በምርጫው አይገረምም።

ከዚህ በኋላ ነፋሱ ጌታ መሆኑ ቀርቶ አገልጋይ ሆነ ለማለት ይቻላል። ከካርቱም የሚነሡ የእንፋሎት መርከቦች ባሮ በሚሞላበት ወራት፣ ማለትም ከሰኔ ገደማ እስከ ጥቅምት ድረስ ጋምቤላ ይደርሱ ጀመር። ከጎሬ፣ ከቡሬና ከመቱ አካባቢ ቡና፣ ሰምና የዝሆን ጥርስ በበቅሎና በሰው ጀርባ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ጨርቅና ጨው ይወጣል። ችግሩ መርከቡና በቅሎው የሚፈልጉት ወቅት አንድ አለመሆኑ ነበር። ውኃው ለመርከብ በሚበቃበት ጊዜ ዳገቱ ለበቅሎ ጭቃ ነው፤ ዳገቱ ሲደርቅ ወንዙ በድንጋይ መካከል የሚንሸራተት ምንጭ ይመስላል። ስለዚህ ቡናው በበጋ ወርዶ በጋምቤላ መጋዘን ተከማችቶ መርከብ ይጠብቅ ነበር። ከተሰማ ግዛት ጀምሮ የጎሬ ገዥዎች ሁሉ የጉምሩክ ሂሳብ በዚህ የወንዝ ሰዓት የተለካ ነው።

በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱ አልጋ ወራሽ መሆናቸው ታወጀ፤ በ1902 ዓ.ም. መጀመሪያ ተሰማ በራስ ቢትወደድነት ማዕረግ እንደራሴ ሆኑ። በመጋቢት 1902 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከመንግሥት ሥራ እንዲገለሉ በተደረገበት ጉዳይ የሸዋ መኳንንትና ተሰማ አንድ ሆነው ነበር። ይህ የቤተ መንግሥት ታሪክ በሌሎች ብዙ ስለተጻፈ እዚህ ማተቱ አያስፈልግም። በዚያው ዓመት በግንቦት ወር ጅራታም ኮከብ በሰማይ ላይ ታየ። ኮከቡ በስሙ የሚጠራው እንግሊዛዊው ኤድመንድ ሃሌይ እ.ኤ.አ. በ1686 የሐሩር ክልል ነፋሳትንና ሞንሱንን በካርታ ላይ ሥሎ የነፋሳቱ ምንጭ የፀሐይ ሙቀት መሆኑን የገለጸ ሰው ነው። ነፋሱ ለምን ወደ ጎን እንደሚታጠፍ ግን አላወቀም ነበር፤ ከምድር መዞር ጋር ያያያዘው ጆርጅ ሃድሌይ እ.ኤ.አ. በ1735 ነው። እንደራሴው ጅራታሙን ኮከብ ከአዲስ አበባ ባዩበት ዓመት፣ የሶባትን ዘመቻቸውን ያሰናከለው ነፋስ ምን እንደሆነ የጻፈ ሰው ስም ከራሳቸው በላይ ያልፍ ነበር።

በዚያ ዘመን የሕንድ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ኃላፊ የነበረው ጊልበርት ዎከር የሞንሱን ዝናም አስቀድሞ ለማወቅ ሲል የዓለምን የአየር ግፊት መዝገብ ያሰባስብ ነበር። ሕንድ ላይ ዝናም ሲያጥር የዓባይ ሙላትም ብዙ ጊዜ እንደሚያጥር ያስተዋሉ ሰዎች ስለነበሩ፣ የዓባይ መዝገብም ከሚመረመሩት አንዱ ሆነ። ዎከር እ.ኤ.አ. በ1924 የደቡቡ ውዝዋዜ ብሎ የሰየመው የግፊት መለዋወጥ ዛሬ ከኤል ኒኞ ጋር ተጣምሮ የብሔራዊ ሜትሮሎጂ ትንበያ ዋና መሣሪያ ነው። ከኢትዮጵያ በኩል ረጅም ዕድሜ ካላቸው የዝናም መዝገቦች መካከል የጎሬና የጋምቤላ ይገኙበታል፤ ሁለቱም የተጀመሩት የባሮ ንግድ በፈጠረው ፍላጎት ነው። የመርከብ አዛዥ ውኃው መቼ እንደሚመጣ ማወቅ ነበረበትና።

ራስ ቢትወደድ ተሰማ በሚያዝያ 1903 ዓ.ም. መጀመሪያ ዐረፉ። ወሩ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትወጣ በኢሉባቦር አናት ላይ የምትውልበት፣ የአርፋሳው ዝናም በጎሬ የሚጠናበት ነው። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ1905 ዓ.ም. ክረምት ዝናሙ በኢትዮጵያ ደጋ ላይ ክፉኛ አጠረ፤ በዚያ ዓመት የዓባይ ሙላት ከመቶ ዓመት ወዲህ ከተመዘገቡት ሁሉ ዝቅተኛ ከሆኑት አንዱ ነበር።

የጋምቤላ ጣቢያ በጥቅምት 1949 ዓ.ም. ለኢትዮጵያ ተመለሰ። መቱ ከጎሬ ተረክባ የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ሆነች፤ መኪና መንገዱም ከበቅሎው ዱካ ተረከበ። በ1982 ዓ.ም. ከመቱ ብዙ ሳይርቅ በሶር ወንዝ ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ የኤሌክትሪክ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። የሶር ውኃ በገባና በሶባት በኩል ሄዶ፣ ተሰማ የላኩት ጓድ በሰኔ 1890 ዓ.ም. ከቆመበት ቦታ ላይ ከነጭ ዓባይ ጋር ይቀላቀላል።